ላቦራቶሪ እስኪመጣ አትጠብቂ

ውድ እህቴ፣ አራት ኪሎ የፊዚክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ፣ ስለ መስታወትና ታጭቀው ስለሚቆሙ ቅንጣቶች መመራመር እንደምትፈልጊ፣ አባትሽ ግን «ባንክ ግቢ» እንዳሉሽ ጽፈሻል። ከደብዳቤሽ የከነከነኝ «ላቦራቶሪ ስለሌለን መጀመር አልቻልኩም» ያልሽው ነው። በዚህ ዘርፍ ይህ ምክንያት አይሆንም። ትልቁ ሥራ የሚሠራው በኮምፒውተር ነው፤ ለመጀመሪያው እርምጃ ያለሽ ላፕቶፕ ይበቃል።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ 256 ዲስኮችን በአንድ ሳጥን ውስጥ በትኚ። የግማሾቹ ዲያሜትር 1፣ የግማሾቹ 1.4 ይሁን፤ ሁሉም እኩል ከሆኑ እንደ ማር እንጀራ ተደርድረው ክሪስታል ይሆኑብሻል። ግድግዳ አያስፈልግም፤ በቀኝ የወጣው በግራ ይግባ። የሚገፋፉት ሲደራረቡ ብቻ ይሁን። ዲያሜትራቸውን በጥቂት በጥቂቱ አሳድጊ፣ ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላም ከመደራረባቸው የሚመጣውን ኢነርጂ ዲስኮቹን እያንቀሳቀስሽ እስከ መጨረሻው አውርጂ። ዜሮ ከገባ ቀጥዪ፤ ካልገባ ተጨናንቀዋልና ወደ ኋላ ተመልሰሽ እርምጃሽን በግማሽ ቀንሺ። ዲስኮቹ የሚሸፍኑት ስፋት ከሳጥኑ 0.84 ገደማ ሲሆን ይቆማሉ። የዲስኮቹ ጥንዶች 32,640 ስለሆኑ አንድ በአንድ በሚደጋግም ፎር ሉፕ አትሂጂ፣ ሁሉንም በአንዴ የሚያሰላውን የፓይተን መሣሪያ ነምፓይን ተጠቀሚ። መብራት ሲጠፋ ከዜሮ እንዳትጀምሪም የዲስኮቹን ቦታ በየመሃሉ ፋይል ላይ አስቀምጪ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ንክኪ ሲቆጥር ነው። ሰበቃ የሌላቸው ዲስኮች ልክ ሲጨናነቁ እያንዳንዱ በአማካይ 4 ጎረቤት ይነካል። ከዚያ ካነሰብሽ መጀመሪያ ልቅ ዲስኮችን ፈልጊ፦ ከ3 ያነሰ ንክኪ ያለውን አውጪ፤ እሱ ሲወጣ ሌላው ይላላልና የሚወጣ እስኪጠፋ ደጋግመሽ ፈትሺ። የቀሩት 240 ቢሆኑ ንክኪዎቹ 479 መሆን አለባቸው፣ ማለትም እጥፋቸው ሲቀነስ 1። ከበለጠ ከመጨናነቂያው ነጥብ አልፈሻል፤ ካነሰ ኢነርጂውን ሳትጨርሺ አቁመሻል።

አባትሽ «ፊዚክስ እንጀራ አይሆንም» ሲሉ የሚታያቸው መምህርነት ብቻ ነው። ይህን ኮድ ከባዶ የጻፈ ሰው የዳታም የሶፍትዌርም ሥራ መሥራት ይችላል። የወንድምሽ የትምህርት ቤት ክፍያ በእርግጥ በአንቺ ደሞዝ ላይ ከተንጠለጠለ ባንክ ግቢ፣ ማታ ማታ ይህን ሥሪ። ካልሆነ ግን የአባትሽን ስጋት የራስሽ ዕዳ አታድርጊው።

ስለ ውጤትሽ፦ 3.1 በር አይዘጋም።

ትሪየስት፣ ጣሊያን ያለው የአብዱስ ሳላም ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ወጪያቸውን ሸፍኖ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ያስተምራል፤ ኮንደንስድ ማተርን (የጠጣርና የፈሳሽ ቁሶችን ፊዚክስ) ምረጪ። ከማመልከትሽ በፊት ኮዱን ከ20 የተለያዩ መነሻዎች አሂጂና ዲስኮቹ ሲቆሙ የሚሸፍኑትን ስፋት አማካይ፣ ልዩነቱንና የንክኪ ቆጠራውን በሁለት ገጽ ጻፊ።