ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ኑዛዜያችን ይጸናል?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ልጅ የለንም። በ2008 ዓ.ም. ባለቤቴ በእጁ አንድ ገጽ ጽፎ ሁለታችንም ፈርመናል። «ሁለታችንም ስናልፍ ቤታችን ለሕፃናት ማሳደጊያ ይሰጥ» ይላል። ወረቀቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ወንድምና እህቶቻችን ቢከራከሩ ይጸናል?

መልስ፦ እውነቱን ልንገርዎት፣ ጠበቃ ሳይይዙም ያፈርሱታል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 858 ሁለት ሰው በአንድ ወረቀት ላይ የሚያደርገውን ኑዛዜ ዋጋ ያሳጣዋል። ባልና ሚስት ሁሉን አብሮ መፈረም ስለለመዱ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ በእጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍና ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። ከእርስዎ እጅ ያለው ፊርማ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ቢሆን እንኳ ቁም ሳጥኑ ያበላሸዋል፤ እንዲህ ያለ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል።

ስለዚህ ለየብቻ እንደገና ተናዘዙ። እኔ የምመርጠው በግልጽ የሚደረገውን ነው። በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ እርስዎም እነሱም እዚያው ትፈርማላችሁ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። «በተናዛዥዋና በምስክሮቹ ፊት ተነበበ» የምትለው ዐረፍተ ነገርና ቀኑ ወረቀቱ ላይ ይኑሩ። መነበቡን ሁሉም እያወቀ፣ ይህች መስመር ባለመጻፏ ብቻ ኑዛዜ ይፈርሳል።

«ለሕፃናት ማሳደጊያ» ማለትም አይበቃም። የትኛው? የድርጅቱን ስም ከምዝገባ የምስክር ወረቀቱ ላይ ቃል በቃል ይገልብጡ። እስከዚያ ቢዘጋስ? ተተኪ ድርጅትም ይጻፉ።

ወንድምና እህቶቹን አይፍሩ። ከውርስ ሲነቀሉ ምክንያት እንዲጻፍ ሕጉ የሚያስገድደው ለልጆችና ለልጅ ልጆች ነው።

አንድ ነገር ግን ረጋ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ቤቱ የጋራችሁ ከሆነ እያንዳንዳችሁ መናዘዝ የምትችሉት በግማሹ ብቻ ነው። ባለቤትዎ ቀድመው ቢያርፉ ግማሹ ወዲያው የድርጅቱ ይሆንና እርስዎ ከድርጅት ጋር የቤት ባለድርሻ ሆነው ይቀራሉ። ይህን ካልፈለጋችሁ፣ በሕይወት የቀረው ዕድሜውን ሙሉ እንዲኖርበት የአላባ መብት (የሌላ ሰው በሆነ ንብረት የመጠቀም መብት) በየኑዛዜያችሁ አስገቡ።