ውል አንባቢዋ ሄጅ ፈንድ ልትገባ ነው

ጥያቄ፦ ኒውዮርክ በአንድ ትልቅ የሕግ ድርጅት ውስጥ የኩባንያ ጠበቃ ነኝ። ኩባንያ ኩባንያን ሲገዛ ውሉን አረቃለሁ። ልቤ ግን ሄጅ ፈንድ (የባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስቦ ኢንቨስት የሚያደርግ ድርጅት) ውስጥ ገብቶ ኢንቨስት ማድረግ ላይ ነው። የፋይናንስ ዲግሪ የለኝም። ዘመዶቼ «እንጀራሽን አትርገጪ» ይሉኛል። ከየት ልጀምር? (ሰ. ከኒውዮርክ)

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ከጥብቅና ወደ ሄጅ ፈንድ የተሻገርኩ ነኝና ጥያቄሽ ይገባኛል። ዲግሪው አያስጨንቅሽ። ታዋቂው ኢንቨስተር ፖል ሲንገርም የሕግ ምሩቅ ነው፤ ኤሊዮት የተባለውን ሄጅ ፈንዱን እ.ኤ.አ. በ1977 የመሠረተው ከወዳጅ ዘመድ በሰበሰበው 1.3 ሚሊዮን ዶላር ነው።

አንቺ የያዝሽው ሙያ ውል ማንበብ ነው፤ እሱ ደግሞ ገንዘብ ያወጣል። ትዊተርን አስታውሺ። ኢሎን መስክ በ2022 ኩባንያውን፣ አንዱን አክሲዮን በ54 ዶላር ከ20 ሳንቲም ሊገዛ ፈረመ። ጁላይ ላይ «ትቼዋለሁ» ሲል ዋጋው ከ33 ዶላር በታች ወረደ። ውሉ ግን ፍርድ ቤት ገዢውን ግዢውን እንዲፈጽም ሊያስገድደው የሚችልበት አንቀጽ ነበረው። ምሥጢር አልነበረም፤ ማንም አውርዶ ሊያነበው ይችል ነበር። ኦክቶበር ላይ መስክ ሙሉውን ከፈለ።

የሚከብደው ሌላው ነው። ጠበቃ «አደጋ አለው» ብሎ ከጻፈ ሥራውን ጨርሷል። ኢንቨስተር ግን «አደጋው ስንት ያወጣል?» ማለት አለበት። አክሲዮኑ 33 ነው። ግዢው ከጸና 54፣ ከፈረሰ 20 ይሆናል እንበል። ብታገኚ 21፣ ብታጪ 13፤ ድምሩ 34። 13 ለ34 ሲካፈል 38 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ዋጋ ገበያው የመጽናቱን ዕድል ከ40 በመቶ በታች አድርጎታል ማለት ነው። አንቺ ውሉን አንብበሽ 70 በመቶ ነው ካልሽ ትገዣለሽ። ይህችን ስሌት በየቀኑ ተለማመጂ።

ግን የምታስገቢውን ገንዘብ መጠን ጠብቂ። ጄትብሉ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ስፒሪት የተባለውን ሌላ አየር መንገድ ሊገዛ ተስማምቶ ሳለ፣ ጃንዋሪ 2024 ቦስተን ያለ የፌዴራል ዳኛ አገደው። የስፒሪት አክሲዮን በአንድ ቀን በግማሽ ገደማ ወረደ። ሕግ ማወቅ ዳኛውን አያዝልሽም።

እንግዲህ መጀመሪያ ሒሳብ አያያዝ ተማሪ፤ የኩባንያን የገንዘብ ፍሰት ሳታነቢ አይሆንም። ቀጥሎ በኩባንያ ግዢ ወይም በዕዳ በተጨናነቁ ኩባንያዎች ላይ የሚሠሩ ፈንዶችን ፈልጊ፤ ጠበቃ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው። ሁለት ሦስት ገጽ የኢንቨስትመንት ሐሳብ ጽፈሽ ይዘሽ ቅረቢ። አደራ፣ ድርጅትሽ ጠበቃ በሆነለት ኩባንያ ላይ እንዳትጽፊ፣ አክሲዮኑንም እንዳትነኪ። በደንበኛ ምሥጢር መነገድ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

የዘመዶችሽም ስጋት ከንቱ አይደለም። ደመወዝሽ መጀመሪያ ሊቀንስ ይችላል፣ ቦነሱም በፈንዱ ውጤት ይወሰናል። የትምህርት ዕዳ ካለብሽ መጀመሪያ እሱን አቅልዪ፤ የዓመት ወጪሽንም ሳትይዢ መልቀቂያ አታስገቢ።