ለወሎ ልጆች፦ ኮመንቱን ተዉት፣ ስልኩን አንሱ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ደሴ ውስጥ በጥብቅና ነው። ስለ ፌስቡክና ቲክቶክ ጥላቻ ስትጠይቁኝ ሕግ እንድጠቅስላችሁ ትጠብቃላችሁ። ሕጉ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ግን ክስ የሚመሠረተው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ።

ታዲያ እንዴት? ስድብ በመመለስ አይደለም። ደህና አባጋር፣ ደህና ሽማግሌ፣ ያጠፋን ሰው ሕዝብ ፊት አያዋርድም። ለብቻው ይዞት ዞር ይላል። ሰው ፊት የተዋረደ እልህ ይይዘዋል፣ ውሸቱን እያወቀ እንኳ ሙጭጭ ይላል። ደግሞ የንዴት ኮመንታችሁ ፖስቱን ላላየው ሰው ሁሉ ያደርስለታል።

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። አንድ የሰፈሩ ልጅ «እዚሁ እኛ ዘንድ መስጊድ ተቃጠለ» ብሎ ፎቶ ለጠፈ። ከሥሩ ስድቡ ወዲያው ጀመረ። የእህቴ ልጅ ፎቶውን አጉልቶ አየው። ከጭሱ አጠገብ የቆሙት መኪኖች መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው። የኛ አገር መኪና መሪው በግራ ነው። በጎግል ሌንስ ሲፈልገው የሌላ አገር የቆየ ፎቶ ሆኖ አገኘው። ኮመንት አልጻፈም፣ ደወለለት።

«ወንድሜ፣ ይህን ከየት አገኘኸው?»

«ቴሌግራም ግሩፕ ላይ።»

«እስቲ የመኪኖቹን መሪ እየው።»

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ፖስቱን አጠፋው፣ ፎቶው የኛ አገር እንዳልሆነም ራሱ ጻፈ። ይሄኛው ነው ትልቁ ነገር። ማረሚያው ከለጠፈው ሰው ሲመጣ፣ ያመኑት ሰዎች ይሰሙታል። እናንተ ብትጽፉት ግን «የማን ወገን ነህ?» ነው የሚሏችሁ።

«ዋሸህ» አትበሉ፣ «ማን ነገረህ?» በሉ። ድሮ ባቲ ገበያ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ነበር። ውሸቱን ለማጋለጥ ብላችሁም ስክሪንሾቱን አታዙሩት። እናንተም አሠራጫችሁት ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የራስን ወገን ማረም ነው። ክርስቲያኑ የክርስቲያኑን ግሩፕ፣ ሙስሊሙ የሙስሊሙን ይያዝ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም እምነት ያለባት ወሎ ውስጥ ተወልዳችሁ ይህን ካልቻላችሁ ማን ይችላል?

«ግደሉ፣ አባርሩ» ከሚል ጋር ግን ክርክር አትግጠሙ። ሊንኩንና ስክሪንሾቱን ያዙ፣ ሪፖርት አድርጉ፣ ለፖሊስና ለሰፈሩ ሽማግሌዎች በዚያው ቀን አሳውቁ። ዛቻው የተነጣጠረበት ሰው ካለም ቀድማችሁ ለእሱ ደውሉለት።