«ጋራንቲው አይሸፍንም» የተባለው የጭነት መኪና

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደብረ ሲና ነው። እኔና የባለቤቴ ወንድም በቁጠባና በባንክ ብድር አዲስ የጭነት መኪና ገዛን። ጋራንቲው 2 ዓመት ወይም 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ የቀደመው። ባለፈው ወር፣ መኪናው ገና 14 ወሩና 41 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ሳለ፣ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነን ዳገቱን ስንወጣ ሙቀቱ ናረ። የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለት ማሸጊያው፣ ተቃጥሎ ኖሮ ዘይትና ውሃ ተቀላቅሏል። ተጎትቶ አዲስ አበባ ገባ። የሸጠልን ድርጅት በስልክ «30 ሺህ ላይ ዘይት የቀየራችሁት ውጭ ነው፣ ደግሞም ከልክ በላይ ጭናችኋል፤ ጋራንቲው አይሸፍንም» አለን። 186 ሺህ ብር ክፈሉ ወይ መኪናችሁን ውሰዱ ነው የሚሉት። ሽንኩርቱም በሰበሰ፣ የባንኩም ወር ደረሰ። ምን ይበጀናል?
ባለመኪናው፣ ከደብረ ሲና

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳልደብቅህ ልናገር። ይህን አምድ ከመያዜ በፊት 19 ዓመት ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ። የመጨረሻዎቹን 6 ዓመታት የሠራሁት አንድ ሻጭ ድርጅት ውስጥ፣ ጋራንቲ ክፍል ነው። «አይሸፍንም» የሚለውን ወረቀት የምፈርመው እኔ ነበርኩ። በስልክ ብቻ የምንናገረው ምክንያታችን የሳሳ ጊዜ ነበር። ደንበኛው ተጨንቆ ከከፈለ ከፈለ ነው።

ስለዚህ አትክፈልም፣ አትጣላም። ደብዳቤ ጻፍ። የሻንሲ ቁጥሩን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ መኪናው የቆመበትን ቀንና ቦታ አስፍር። ያልሸፈኑበትን ምክንያት፣ ከጋራንቲ ደብተሩ የትኛውን አንቀጽ እንደያዙና ሞተሩ ሲፈታ ምን እንዳገኙ በጽሑፍ ይስጡህ። በሁለት ቅጂ አድርገው፤ ያንተኛው ላይ ማህተም ይምቱልህ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ፣ ማለት በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ፣ ላከው።

በደብዳቤው የምነዘንዝህ ያለ ነገር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ጉድለት እንዳገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ አስታውቅ ይላል። በአንቀጽ 2298 ደግሞ ካስታወቅህበት ቀን ጀምሮ ለመክሰስ ያለህ 1 ዓመት ነው። ውል ይህን ጊዜ ማሳጠር አይችልም። «ከውጭ መልስ እየጠበቅን ነው» እየተባለ ስንቱ ዓመቱን ጨርሶ ባዶ እጁን ሲመለስ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። ዘይት ውጭ መቀየርንና የጓርኒሲዮን መቃጠልን ምን አገናኛቸው? ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና የመሰለው ውሃ ስለገባበት ነው። ያ የብልሽቱ ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም። የዘይቱንና የፊልትሮውን ደረሰኝ ፈልገህ ያዝ። ግን ደብተሩንም ግለጠው። «ሰርቪስ የግድ በእኛ ጋራዥ» የሚል ካለና ከፈረምህበት በዚያ በኩል እጅህ ተይዟል። ቢሆንም ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት በሕግ ያለበት ኃላፊነት ከደብተሩ ውጭም አለ፤ በውላችሁ ካልተሻረ በቀር።

ከልክ በላይ ጭናችኋል ያለውስ ማን መዝኖ ነው? ሽንኩርቱ ቢበሰብስም ወረቀቱ አልበሰበሰም። የገዛህበት ደረሰኝ ላይ ኩንታሉ አለ። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው የጭነት ልክ ጋር አስተያየው። በልጦ ከተገኘ ለእኔም ለዳኛም አትዋሽ።

እኔ ከሁሉም የምጠረጥረው ዳገቱን ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር ዋሻው አፍ ስትደርስ 3,000ን አልፈሃል። እዚያ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የመንዝ እናቶች ባቄላ ለመቀቀል ስንት እንጨት እንደሚፈጁ ጠይቅ። የሞተርህ ውሃ ደግሞ ሥራ ላይ ከዚያ አያንስም። እንዳይፈላ ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውስጡ ሞላ አለችው። ሞላዋ ከላላች ቆላው ላይ ምንም ሳያሳይህ ደብረ ሲናን አለፍ ስትል ያፈላልሃል። ክዳኑ፣ ተርሞስታቱ (የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረው)፣ የውሃ ፖምፓው፣ ማራገቢያው፦ ከነዚህ አንዱ በ41 ሺህ ኪሎ ሜትር ደክሞ ቢገኝ እኔ «ይሸፈናል» ብዬ ነበር የምፈርመው።

ግን ሾፌርህን ለብቻው ወስደህ ሁለት ነገር ጠይቀው። የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀይ ከገባ በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር ነዳ? ከመንገድ ዳር ጅረት ውሃ ጨምሮስ ያውቃል? አትቆጣው፤ ከተቆጣኸው አይነግርህም። ቴስታታው ሲነሣ የውሃ መሄጃው ዝጎ ወይም ደለል ይዞ ከተገኘ የእኔ ቢጤው ሰው ፎቶ አንስቶ ፋይል ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ዳገት ይሆንብሃል።

ንግድ ቢሮ ሄደህ ክሰስ የሚልህ አይጠፋም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ሽንኩርት አመላልሶ ገንዘብ የሚያመጣ መኪና በዚያ በር መግባቱ ያጠራጥራል። ያንተ መንገድ የሽያጭ ውሉ ነው፤ ይዘኸው ጠበቃ ዘንድ ሂድ።

የባንኩ ዕዳ አላስቆም ብሎህ ከፍለህ ማሠራት ግድ ከሆነብህ፣ የምትከፍለው መብትህን ጠብቀህ መሆኑን በጽሑፍ ግለጽ። ሞተሩ ሲፈታ የራስህን መካኒክ አስገባ። የወጣውን ዕቃ ሁሉ ተረከብ፤ ጓርኒሲዮኑንም፣ ክዳኑንም። «ጥለነዋል» እንዳይሉህ አስቀድመህ በደብዳቤው ላይ ጻፈው።

አንድ የመሐል ሜዳ ሰው ነበር። እኔው ራሴ «አይሸፍንም» ብዬ የፈረምኩበት። በሳምንቱ የራዲያተር ክዳኑን በፌስታል ቋጥሮ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ምንም አላለም። በመፈተሻው ሞከርነው፤ ግፊት አልያዘም። ወረቀቱን እዚያው ፊቱ ቀደድኩት።