የሐይቅን ውሃ ማከም እንጀራ ይሆናል ወይ?

ከሐይቅ ከተማ ለጻፍሽልኝ እህቴ፤

በባዮሎጂ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት እንደሞላሽ፣ ልጅ ሳለሽ የምታውቂው የሐይቁ ዳርቻ ደንገሉ እየሳሳ ውሃውም እየደፈረሰ መሄዱ እንደሚያሳስብሽ፣ ስለዚህም የተጎዱ ሐይቆችና ወንዞች እንዲያገግሙ የማድረግ ሥራ ሙያሽ እንዲሆን እንደምትሺ ጽፈሽልኛል። አጎትሽ ደግሞ «ይህ የፕሮጀክት ሥራ ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል» ብለው እንደተቃወሙሽ አክለሻል። ጥያቄሽ ለሁለተኛ ዲግሪ ላመልክት ወይስ የተገኘውን ሥራ ልያዝ የሚል ነው።

አጎትሽ አልተሳሳቱም፤ ያዩት ግን ግማሹን ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ሐይቅ የሚያክም ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አላየሁም፤ አንቺም ብትጠብቂው የምታገኚው አይመስለኝም። ሥራው የሚገኘው በሌላ ስም ነው። በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የተፋሰስ ልማት ባለሙያ፣ በእንስሳት ሀብት የዓሣ ሀብት ባለሙያ፣ በአካባቢ ጥበቃ የብክለት ቁጥጥር ባለሙያ፣ በፋብሪካ ደግሞ የፍሳሽ ማጣሪያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ይባላል። እኔም ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት የአንቺኑ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ «የውሃ ሥነ ሕይወት እዚህ አገር ደመወዝ የለውም» ብዬ ወደ ሒሳብ አያያዝ ሰደድኩት። አንድ ዓመት እንኳ ሳይቆይበት ትቶት ፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ በፈረቃ ናሙና ቀጂ ሆኖ ተቀጠረ፤ ዛሬ ስለ ውሃ ስጠየቅ ደውዬ የማማክረው እሱን ነው።

ወደ ማመልከቻው ከመሄዳችን በፊት ግን ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ ልብ እንድትይልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣቶች ሐይቅ ማዳን ሲባል ጀልባና ችግኝ ብቻ ነው የሚታያቸው። በዓለም ላይ በስፋት ከሚጠቀሱት የተሳኩ ሥራዎች አንዱ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ አጠገብ ያለው የዋሽንግተን ሐይቅ ነው። ከከተሞቹ የሚወጣው ፍሳሽ ማዳበሪያ የሚሆነውን ፎስፈረስ ይዞ ስለሚገባበት ውሃው አልጌ በሚባሉ ደቃቅ፣ እጽዋት መሰል ነገሮች ተሸፍኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ፍሳሹ በቧንቧ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲዞር ሐይቁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠራ። ልብ በዪ፣ ዋናው ሥራ የተሠራው በውሃው ውስጥ ሳይሆን በየብስ ላይ ነው። የእናንተው ሐይቅ ግን ከዚህ ይለያል። የዋሽንግተን ሐይቅ ወደ ባሕር የሚወርድ መውጫ ስላለው የቆሸሸው ውሃ በአዲስ ይተካል፤ የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ግን የገባበት ውሃ በወንዝ የማይወጣበት፣ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚወርደውንና ከየተረተሩ የሚታጠበውን ሁሉ ተቀብሎ የሚያስቀር ዝግ ሐይቅ ነው። ከማሳ ተጠርጎ የሄደ አፈር ፎስፈረሱን ተሸክሞ ይገባል፤ ከገባ በኋላም ከደለሉ ጋር ከታች ይቀመጣል፤ በጥልቁ ኦክስጅን ሲጠፋ ተመልሶ ይለቀቃል። ስለዚህ ዛሬ እርከኑ ሁሉ ቢጠናቀቅ እንኳ ውሃው ነገ አይጠራም፤ ይህን ለአለቃም ለገበሬም በግልጽ መናገር የሚችል ባለሙያ ነው የሚያስፈልገው።

በዚህ ላይ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ወደ ሐይቁ መግባቱን ጨምሪበት። ዓሣው ለብዙ አስጋሪዎች እንጀራ ሆኗል፤ በኋላ የለኩ ተመራማሪዎች ደግሞ የውሃው ግልጽነት ከቀድሞው መቀነሱን ጽፈዋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ አንቺም «ዓሣው ይውጣ» ብለሽ የምትነሺበት ጉዳይ አይደለም፤ የሰው ጉሮሮ አለበትና።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የእኔ ምክር ዘንድሮ ማመልከቻ አታስገቢ የሚል ነው፤ ይልቁንስ አንድ ዓመት ለኪ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። የውሃን ግልጽነት የሚለካው ሴኪ ዲስክ፣ ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የተጠቀመበት መሣሪያ፣ ዛሬ በሐይቆች ላይ በሚሠራበት መልኩ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ በአራት ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ነገር ነው፤ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ከሥሩ ድንጋይ ታስሮበት ያገለግላል። ቀትር አካባቢ በጀልባው ጥላ በኩል ቀስ አድርገሽ ታወርጂዋለሽ፤ ዓይንሽ የሚስተውን ጥልቀትና ሲመለስ ዳግም የታየበትን ትጽፊና አማካዩን ትወስጃለሽ። አስጋሪዎቹን በትሕትና ከጠየቅሻቸው ጀልባ አይነፍጉሽም። በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት የተለካ የአንድ ዓመት ቁጥር የክረምቱን ደለልና የበጋውን አልጌ ለይቶ ያሳይሻል፤ ለቅጥር ፈተናም ሆነ ለዩኒቨርሲቲ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይልቅ የሚናገርልሽ እሱ ነው።

ወንዙን ደግሞ በትላትል ታነቢያለሽ። አሮጌ አጎበር በሁለት እንጨት ወጥረሽ ከድንጋዩ በታች ያዢና ድንጋዩን በእግርሽ ቀስቅሺ። በነጭ ሳህን ስትገለብጪው ከኋላው ሦስት ጭራ ያለው፣ በጎኑ ላይ ቅጠል የመሰሉ ስንጥቦችን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ነፍሳት ካየሽ ውሃው ኦክስጅን አለው። ደም የመሰሉ ቀያይ ትሎች ብቻ ከሞሉት ግን ውሃው ታሟል፤ ቅላታቸው ኦክስጅን ባነሰበት ለመኖር የሚረዳቸው ሄሞግሎቢን ነው። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች የተዘጋጀ ኢትባዮስ የሚባል፣ በእነዚህ ትላትል የውሃውን ጤና የሚመዝን የነጥብ አሰጣጥ አለ፤ እሱን ተለማመጂ። ቦርከናን ከደሴ በላይ፣ ከኮምቦልቻ በታችና ከጨፋ ረግረግ በኋላ በዚህ መንገድ ብታነጻጽሪው ረግረጉ ምን እየሠራ እንደሆነ በሳህንሽ ላይ ታዪዋለሽ። ቢልሃርዚያ በአካባቢያችን ያለ በሽታ ስለሆነ ረጅም ቦቲ ጫማ ሳታደርጊ ውሃ ውስጥ አትግቢ፤ ይህን ያላልኩሽ እንዳይመስልሽ።

ከመለካቱ እኩል የሚከብደው ከሰው ጋር መነጋገሩ ነው። ዳርቻው ለአንቺ የደንገል ማቆያ ነው፤ ለባለመሬቱ የበሬ ግጦሽ፣ ለሌላው የጫት ማሳና የውሃ ፓምፕ መትከያ ነው። «ይከለል» ብለሽ ስትነሺ «በሬዬ ምን ይብላ?» የሚልሽ ሰው ትክክል ነው። ተከልሎ ሣሩን በማጨድ ብቻ መጠቀም፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጭድ መስማማት፣ ጠብ ቢነሳ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ አባጋሮች እንዲዳኙ ማድረግ በየትኛውም ክፍል ውስጥ የማይሰጥ ትምህርት ነው። ከቡናው ሳትነሺ በረካ ድረስ ቆዪ፤ በአቦል ላይ የሚነገርሽ ለእንግዳ የሚነገረው ነው። በዚህ አጋጣሚ ልናገርና፣ የችግኝ ተከላ ቀን ፎቶ በብዛት አይቻለሁ፤ በቀጣዩ በጋ ስንቱ እንደጸደቀ ቆጥሮ የሚያመጣ ሰው ግን እምብዛም አላገኘሁም። ቆጣሪዋ አንቺ ብትሆኚ ቶሎ ትታወቂያለሽ።

ሥራ ካገኘሽ፣ በተለይ የፍሳሽ ማጣሪያ ወይም የተፋሰስ መደብ ከሆነ፣ ስሙ አላማረኝም ብለሽ አትለፊው። ስለ ብክለት ቁጥጥር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንብቢው፤ ፋብሪካም ውስጥ ሆነሽ ተቆጣጣሪም ሆነሽ ትፈልጊዋለሽ። ማታ ማታ ደግሞ በነፃ የሚገኘውን ኪውጂአይኤስ የተባለ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ተለማመጂ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተሰበሰቡት የላንድሳት የሳተላይት ምስሎች ያለ ክፍያ ስለሚገኙ የሐይቁን ዳርቻ ከአሥርት ዓመታት በፊት ከነበረው ጋር በራስሽ ኮምፒውተር ማስተያየት ትችያለሽ። ሁለተኛ ዲግሪውን በሚመጣው ዓመት እናስብበት፤ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች በዓሣና በውሃ ሳይንስ ዘርፍ ያስተምራሉ፤ የራስሽን ቁጥር ይዘሽ ስትሄጂ የምርምር ርዕስ የምትለምኚ ሳይሆን ይዘሽ የምትቀርቢ ትሆኛለሽ።

ለአጎትሽ የምትነግሪያቸውም ይኸው ነው፤ ፕሮጀክቱ ቢያልቅም መለካት የሚችል ሰው በአራት መሥሪያ ቤቶች በር ማንኳኳት ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት መዝገብ ላኪልኝና አብረን እናየዋለን። ዲስኩን የምታወርጂበት የናይለን ገመድ ሲረጥብ ስለሚለጠጥ፣ በላዩ ያደረግሻቸውን የጥልቀት ምልክቶች ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት በሜትር አመሳክሪያቸው።