ሞተር የሌለው አውሮፕላን ከፍታውን ለምን ይጥላል?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በጄት ስጓዝ መቀመጫዬ ከክንፉ አጠገብ ነበረና፣ ጎማው መሬት እንደነካ ከክንፉ ላይ ሳንቃ መሰል ነገሮች ብድግ ሲሉ አየሁ። ለፍሬን ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በቅርቡ በቪዲዮ ያየሁት ግላይደር (ሞተር የሌለው አውሮፕላን) ግን እነዚህኑ ሳንቃዎች ገና አየር ላይ ሳለ ከፍቶ ወረደ። ከከፍታ ሌላ ሀብት የሌለው አውሮፕላን ያለውን ለምን ያባክናል? ፍጥነቱስ ቀንሶ አይወድቅም?
አንባቢያችሁ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ስለ ጄቱ የገመቱት ትክክል ነው። ስፖይለር የሚባሉት ሳንቃዎች አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ሲነሡ የክንፉን የማንሳት ኃይል ስለሚያጠፉ ክብደቱ ጎማው ላይ ያርፋል፤ ፍሬኑም በደንብ ይይዛል። ስለ ግላይደሩ ሲያስቡ ግን «ፍሬን» የሚለውን ቃል ለጊዜው ቢተዉት ይሻላል፤ ፓይለቱ አየር ላይ ስፖይለሩን የሚከፍተውን እጀታ የሚስበው ፍጥነት ለመቀነስ ሳይሆን ከፍታ ለመጣል ነውና።

አንድ የማሠልጠኛ ግላይደር 1 ሜትር ሲወርድ 30 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ የማኮብኮቢያውን ጫፍ በ50 ሜትር ከፍታ ቢያልፍ፣ ነፋስ በሌለበት እንኳ መሬት እስኪነካ 1,500 ሜትር ይንሸራተታል፤ ስፖይለሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ግን ርቀቱ ወደ 350 ሜትር ገደማ ያጥራል። ዞሮ እንደገና ለመሞከር የሚያስችል ሞተር ስለሌለው፣ ፓይለቱ ሆን ብሎ ከፍ ብሎ ይመጣና ትርፉን እየለካ ይጥላል፤ የጎደለውን ከፍታ ግን ከየትም ሊያመጣው አይችልም።

አብዛኛውን ጊዜ ስፖይለሩን ግማሽ ያህል ከፍቶ የሚወርደውም ለዚሁ ነው። በድሬዳዋ የከሰዓት ፀሐይ ከጋለ አሸዋ የሚነሣ አየር ሽቅብ ቢገፋው ይበልጥ ይከፍታል፤ ቀጥሎ ወደ ታች በሚወርድ አየር ውስጥ ቢገባ ደግሞ ይዘጋል። ሊያርፍበት የሚያነጣጥረው ቦታ በፊት ለፊቱ መስታወት ላይ ወደ ላይ እየሸሸ ከታየው ሳይደርስበት ሊወርድ ነውና እጀታውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር እየገባ ከሆነ ሊያልፈው ነውና ወደ ኋላ ይስባል።

ስለ ፍጥነቱ የገባዎት ሥጋት ተገቢ ነው። ስፖይለሩ ሲከፈት የአየሩ ጉተታ ስለሚጨምር አፍንጫው ካልተደፋ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ክንፉም የማንሳት ኃይሉን በከፊል ስላጣ፣ ስቶል የሚገባበት፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ፍጥነት በመጠኑ ከፍ ይላል። ስለዚህ ፓይለቱ በአንድ እጁ እጀታውን ሲስብ በሌላው እጁ መሪውን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ፍጥነቱን ይጠብቃል። ከሐረር ሲመጡ የደንገጎን ቁልቁለት በመኪና የወረደ ሰው ይህን ለመቀበል ሊከብደው ይችላል። እዚያ ፍሬን ሲያዝ ፍጥነቱ እንጂ ቁልቁለቱ አይለወጥም፤ እዚህ ግን ፍጥነቱ እንዳለ ሆኖ የሚለወጠው ቁልቁለቱ ራሱ ነው።

ከባሕር ወለል 1,160 ሜትር ገደማ ከፍ ባለውና በሚሞቀው የድሬዳዋ አየር ማረፊያ ላይ ሌላም ነገር አለ። አየሩ ስለሚሳሳ፣ በ35 ዲግሪ ሙቀት ትክክለኛው ፍጥነት መሣሪያው ከሚያሳየው ከመቶ 10 ያህል ይበልጣል። መሬቱ በፍጥነት ሲሮጥ ስለሚታይ ፓይለቱን ፍጥነት ቀንስ ቀንስ ይለዋል፤ ማመን ያለበት ግን መሣሪያውን ነው።

መሬት ለመንካት ጥቂት ሜትር ሲቀረው እጀታውን ባለበት ያቆየዋል፤ በድንገት ቢዘጋው አውሮፕላኑ ተመልሶ ይነሣል፣ በድንገት ቢከፍተው ዱብ ይላል። ጎማው ከነካ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ይስበዋል፤ በብዙ ግላይደሮች የእጀታው የመጨረሻ ጉዞ የጎማውን ፍሬን ስለሚይዝ፣ እርስዎ ያሰቡት ፍሬን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።