የዱሼን የጡንቻ ሕመም፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ዱሼን ከልጅነት ጀምሮ ጡንቻን እያደከመ የሚሄድ፣ በብዛት ወንዶች ልጆችን የሚይዝ የዘረመል ሕመም ነው። በፊዚዮቴራፒ ሙያ ብዙ የዱሼን ሕሙማን ልጆችን አይቻለሁ። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹን የሚነኩትን መርጬ መልሻለሁ። መድኃኒት የሚያዘው ግን ልጁን ያየው ሐኪም ነው።

ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። ለመራመድ ዘግይቷል፤ አሁንም ቶሎ ቶሎ ይወድቃል። ባቱ ግን የኳስ ተጫዋች ባት ይመስላል፤ ጡንቻው ደክሟል ሲሉኝ እንዴት ልመን?

እህቴ፣ እኔን ያሳሰበኝም ያ ባት ነው። በዚህ ሕመም የባት ጡንቻ እየተጎዳ ቦታውን ስብና ጠባሳ ስለሚይዘው ከላይ ሲያዩት ወፍራም ይመስላል። እስኪ ወለል ላይ አስቀምጪውና ምንም ሳይደግፍ እንዲነሳ ንገሪው። መጀመሪያ በሆዱ ዞሮ በአራት እግሩ ከሆነ፣ መቀመጫውን ወደ ላይ ካነሳ፣ ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እያስደገፈ የራሱን አካል ተደግፎ ቀጥ ካለ፣ ዳሌውና ጭኑ አቅም አጥተዋል ማለት ነው። ይህን አነሳስ እንግሊዛዊው ሐኪም ጎወርስ እ.ኤ.አ. በ1879 በዝርዝር ገልጾታል፤ ዛሬም ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ ነው። በስልክሽ ቅረጪውና ለሐኪሙ አሳዪው፤ ልጆች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ እንደ ቤታቸው አይሆኑም። ከዚያ ሲኬ (CK) የሚባለውን፣ ከተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚፈሰውን ነገር የሚለካውን የደም ምርመራ ጠይቂ። ጤነኛ ልጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ የማያልፈው ቁጥር እነዚህ ልጆች ላይ ብዙ ሺህ ይደርሳል። ማረጋገጫው የዘረመል ምርመራ ነው። ናሙናው ወደ ውጭ አገር ሊላክ ስለሚችል ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል።

እኛን መጀመሪያ «ጉበቱ ነው» ብለውን የጉበት መድኃኒት ስንሰጠው ከረምን።

የእናንተ ዓይነት ታሪክ በጣም ብዙ ነው። ኤኤልቲና ኤኤስቲ የሚባሉት የጉበት ምርመራዎች የሚለኩት ነገር ጡንቻ ውስጥም ስላለ ጡንቻ ሲጎዳም ይጨምራሉ። ጉበቱ ላይ ሌላ ምልክት ሳይታይ እነዚህ ብቻ ከፍ ካሉ ሲኬ ይታይ።

እኛ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው። በሁለታችንም ወገን እንዲህ ያለ ሰው የለም። አማቴ ግን «ከአንቺ ዘር ነው» እያሉ እንቅልፍ ነሱኝ።

ሰባት ቤት መቁጠር አባትና እናት ተመሳሳይ የተበላሸ ዘረመል እንዳይጋሩ ይረዳል። ዱሼን ግን የሁለቱን አይፈልግም። ጉዳቱ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም (ዘረመሎችን ከሚይዙት ጥቅሎች አንዱ) ላይ ሲሆን ወንድ ልጅ ያንን የሚወስደው ከእናቱ ብቻ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽም ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍንላታል። ዲስትሮፊን የሚባለውን የጡንቻ ፕሮቲን የሚያሠራው ይህ ዘረመል ከሰው ዘረመሎች እጅግ ትልልቅ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፊደላት አሉት። ያን ያህል ረጅም ነገር ሲገለበጥ ስህተት ይገባበታል። ከሦስት ልጆች በአንዱ ገደማ ስህተቱ አዲስ ነው፤ እናቲቱም የላትም። ይህን ለአማትሽ አንብቢላቸው። ተሸካሚ (የተበላሸውን ዘረመል የያዝሽ) ሆነሽ ብትገኚ እንኳ ማንም መርጦ የሚያወርሰው ነገር አይደለም።

መመርመርሽ የሚጠቅመው ለሌላ ነው። ተሸካሚ ከሆንሽ በእያንዳንዱ እርግዝና ወንዱ የመታመም፣ ሴቷ ደግሞ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። እህቶችሽም ማወቅ አለባቸው። ተሸካሚ ሴቶች የልብ ጡንቻቸው ሊደክም ስለሚችል አንቺም ልብሽን ታዪ፤ ይሄን የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው።

ወጌሻ ቢያሸው ይጠቅማል?

አይጠቅምም። በኃይል የታሸ ደካማ ጡንቻ ይብስ ይጎዳል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ይሄ ነው፦ ልጁን አስተኙት፣ ጉልበቱ ቀጥ ይበል፣ ተረከዙን በመዳፋችሁ ያዙ፣ ክንዳችሁን ውስጥ እግሩ ላይ አስደግፋችሁ ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ወደ እሱ ግፉ። ሳያመው እስከ ሠላሳ ቁጠሩና ልቀቁ፤ ደጋግሙ። በየቀኑ ከተሠራ በጣቱ ብቻ የሚራመድበትን ጊዜ ያዘገያል። ክብደት ማንሳትና ደረጃ እየወረዱ መልመድ ይቅር። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ መዋኘት የሚገኝ ከሆነ ግን ግሩም ነው።

ለዱሼን የታዘዘለትን ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ፊቱ አብጧል፣ ይበላል፣ ይቆጣል። ጸበል ልንወስደው ስለሆነ ላቁመው?

በድንገት አታቁሚው! ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚተው በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ቢያስታውከውና መድኃኒቱ አልቀመጥ ቢለውም ወደ ሐኪም ሩጪ። የምትዪው ሁሉ የታወቀ ጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ መጠኑን ሐኪሙ ሊቀንሰው ይችላል። በምላሹ የሚያገኘው በእግሩ የሚሄድበት ተጨማሪ ጊዜ፣ የማይጎብጥ ጀርባና የተሻለ ትንፋሽ ነው። ጸበሉን መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠመቅ። በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ አቡነ ጳውሎስም ሁለቱ አይጣሉም ብለው ነበር።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ለኢትዮጵያዊው የእህቴ ልጅ የጂን ሕክምና ገንዘብ እናሰባስብ? ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ መራመድ እያቃተው ነው።

ኤሌቪዲስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ዋጋው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በትልቁ ጥናት ዋና መለኪያውን አላሳካም፤ በ2025 ደግሞ መራመድ ያቆሙ ሁለት ልጆች ከወሰዱት በኋላ ጉበታቸው ከሥራ ውጪ ሆኖ ሞቱ። በዚህ ምክንያት መራመድ ላቆሙ አይሰጥም። እኔ ብሆን ለዚያ አልለምንም። እናንተ የምታወጡት ትንሽ ገንዘብ በየዓመቱ የልብ አልትራሳውንድ፣ የትንፋሽ ምርመራ፣ ለልኩ የተሠራ ዊልቸርና የሌሊት የእግር መደገፊያ ይገዛለታል። ዛሬ የእነዚህን ልጆች ዕድሜ በይበልጥ የሚያሳጥሩት ልብና ትንፋሽ ናቸው። ልቡ ገና ሳይደክም፣ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው፣ የልብ መከላከያ መድኃኒት ይጀመርለት እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ቶንሲሉ ሊወጣ ቀጠሮ ይዘናል። ልንናገረው የሚገባ ነገር አለ?

አለ፤ ለቀዶ ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ማደንዘዣ ለሚሰጠው ባለሙያም ራሳችሁ ንገሩ። ሰክሲኒልኮሊን የሚባለው ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት በእነዚህ ልጆች ደም ውስጥ ፖታሲየምን በድንገት ከፍ አድርጎ ልብን ሊያቆም ይችላል፤ በትንፋሽ የሚሳቡት ማደንዘዣዎችም ቢቀሩ ይመረጣል። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ከሆነ በቀዶ ሕክምናው ቀን ተጨማሪ መጠን ያስፈልገው እንደሆነ ይወስኑ። የሕመሙን ስም፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና «ሰክሲኒልኮሊን አይሰጠው» የሚለውን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በላስቲክ ሸፍኑትና ቦርሳው ውስጥ ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂ ትምህርት ቤቱ ይያዝ።